የማር ኡክቫ መዝገብ፦ አንድ ባቢሎናዊ ዳኛ አሥራቱን እንዴት እንደ ቆጠረ

ሰውየው ሊሞት ነው። አልጋ ላይ ሆኖ «የምጽዋት ሒሳቤን አምጡልኝ» አለ። መዝገቡ መጣ፤ ተከፈተ። ሰባት ሺህ ዲናር ተጽፎበት ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ብሎት ዓይኑን ይጨፍን ነበር። እሱ ግን «ስንቄ ቀሊል፣ መንገዴ ሩቅ» አለ። ከዚያም ተነሥቶ የሀብቱን ግማሽ አከፋፈለ።

ታሪኩ የተጻፈው የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክርና ትረካ በተሰበሰበበት በባቢሎን ታልሙድ ነው። ኬቱቦት በሚባለው ክፍል፣ 67ኛው ቅጠል ጀርባ ላይ ይገኛል። ሰውየው ማር ኡክቫ ይባላል። «ማር» ሲባል የንቡ እንዳይመስላችሁ። በአራማይክ ጌታ፣ አለቃ ማለት ነው፤ ማር ይስሐቅን ያነበበ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። የሞተበትን ሰዓት ንግግሩንም የግእዝ ጆሮ ያለው ሰው ያለ አስተርጓሚ ግማሹን ይሰማዋል። «ቀሊል» እና «ርኁቅ» በአራማይኩም በዚያው ሥር ነው የተነገሩት።

ስለ አይሁድ አሥራት ስንጠየቅ ብዙዎቻችን ከአሥር አንድ ብለን እንጨርሳለን። ከቤተ ክርስቲያን የለመድነው አሥራት በኩራት ስላለ የምናውቀው ይመስለናል። የማር ኡክቫን ጉዳይ የመረጥኩት ለዚህ ነው። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ የአሥራቱ ወለልም፣ ጣሪያውም፣ ተቀባዩም፣ ሰጪው የሚሳሳትበት ቦታም አብረው ይታያሉ።

ማር ኡክቫ በ3ኛው መቶ ዘመን በባቢሎን የኖረ ዳኛ ነው። የዘመኑ ትልቅ ሊቅ ሽሙኤል ነበር። ሁለቱ አንድ አስቂኝ ሥርዓት ነበራቸው። ትምህርት ላይ ሲሆኑ ማር ኡክቫ ራቅ ብሎ በሽሙኤል ፊት ይቀመጣል። ችሎት ላይ ሲሆኑ ደግሞ ሽሙኤል ራቅ ብሎ በማር ኡክቫ ፊት ይቀመጣል። ማን የማን አለቃ እንደ ሆነ የሚወስነው ሥራው ነው።

ይህ ዳኛ ድሃ ጎረቤት ነበረው። የጥንት በር እንደ ዛሬው በማጠፊያ አይያዝም፤ ቋሚው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ማር ኡክቫ በየቀኑ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ አራት ዙዝ ጣል አድርጎ ይሄዳል። ዙዝ የብር ሳንቲም ነው፤ ዲናርም ይባላል። በማቴዎስ ወንጌል የወይኑ አትክልት ሠራተኞች የቀን ደመወዛቸው አንድ ዲናር እንደ ነበር አስታውሱ። ዘመኑና አገሩ ስለሚለይ በትክክል አይመነዘርም እንጂ አራት ዙዝ በየቀኑ የዳቦ መግዣ ብቻ አይደለም።

ድሃው አንድ ቀን «ዛሬስ ይህን ደግነት የሚያደርግልኝን ሰው አያለሁ» ብሎ አደፈጠ። በዚያ ቀን ማር ኡክቫ ትምህርት ቤት አምሽቶ ነበር፤ ሚስቱም አብራው ትመለሳለች። በሩ አጠገብ ደርሰው ጎንበስ ሲሉ ድሃው ወጣ። ሁለቱ እግሬ አውጪኝ አሉ። እሱም ተከተላቸው። የሚደበቁበት ሲያጡ እሳቱ ገና ተጠርጎ የወጣለት እቶን ውስጥ ዘለው ገቡ። (የታልሙዱም ቃል «አቱና» ነው፤ የሦስቱ ወጣቶች እቶን።) ወለሉ አልበረደም። የማር ኡክቫ እግር መቃጠል ጀመረ። ሚስቱ «እግርህን አንሣና በእግሬ ላይ አድርግ» አለችው።

እዚህ ላይ ሰውየው ከፋው። የእሱ እግር ሲቃጠል የሷ ለምን አልነካውም? ዳኛው እሱ፣ መዝገቡ የሱ፣ ሳንቲሙም የሱ። ሚስቱ መለሰችለት፦ እኔ ቤት ውስጥ እገኛለሁ፤ የምሰጠውም ወዲያው ይጠቅማል። ማለትም ድሃ በሯ ላይ ሲመጣ የተጋገረውን ታቀብለዋለች፤ ቆሞ ይበላል። የባሏን አራት ዙዝ የያዘ ሰው ግን ገበያ ሄዶ፣ እህል ገዝቶ፣ አስፈጭቶ፣ አስጋግሮ ነው የሚበላው።

ታልሙድ «ይህ ሁሉ ሩጫ ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ፦ ባልንጀራን በሰው ፊት ከማሳፈር እቶን እሳት ውስጥ መግባት ይሻላል። መነሻው ትዕማር ናት። ዘፍጥረት 38 ላይ ሊያቃጥሏት ሲወስዷት የይሁዳን ስም በአደባባይ አልጠራችም። ዕቃውን ልካ «የዚህ ባለቤት ነው» ብቻ አለች። ከ900 ዓመት ገደማ በኋላ ራምባም (ማይሞኒደስ የሚባለው የአይሁድ ሕግ ሊቅ) የምጽዋትን ስምንት ደረጃዎች ሲደረድር፣ ሰጪው ተቀባዩን አውቆ ተቀባዩ ግን የማያውቅበትን ደረጃ በምሳሌ አስቀምጧል፤ በድብቅ ሄደው በድሆች ደጅ ገንዘብ ይጥሉ የነበሩ ታላላቅ ሊቃውንት ይላል። ማር ኡክቫን በስም አይጠራውም። ግን ማን እንደሚመጣባችሁ ግልጽ ነው።

ሁለተኛ ድሃም ነበረው። ለዚህኛው በየዓመቱ በዮም ኪፑር፣ በስርየት ቀን ጾም ዋዜማ 400 ዙዝ ይልክለታል። አንድ ዓመት ገንዘቡን ልጁን አስይዞ ላከው። ልጁ ገንዘቡን እንደ ያዘ ተመለሰ። «ሰውየው እኮ አያስፈልገውም፣ አባባ» አለ። «ምን አየህ?» ቢለው፣ «አሮጌ ወይን ጠጅ ሲረጩለት አየሁ» አለ። ቤቱን ለማሸተት መሆኑ ነው። እኔ ብሆን ገንዘቡን መልሼ ኪሴ እከተው ነበር፤ እናንተም እንደዚያው። ማር ኡክቫ «ይህን ያህል የተንደላቀቀ ነው?» አለና እጥፍ አድርጎ ላከለት።

400 ዙዝ ምን ያህል ነው? የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ መጽሐፍ ሚሽና ለድህነት መስመር አስምሯል። 200 ዙዝ ያለው ሰው የድሆችን ድርሻ ከእርሻ አይወስድም። 199 ካለው ግን አንድ ሺህ በአንድ ጊዜ ቢሰጡትም ይወስዳል። እንግዲህ ማር ኡክቫ የሚልከው የመስመሩን እጥፍ ነበር፤ እሱን ደግሞ አጠፈው። መሠረቱ ዘዳግም 15 ነው፦ ለድሃው የጎደለውን ያህል ስጠው። ጉድለቱም እንደ ሰውየው ነው። እዚያው የታልሙድ ገጽ ላይ ስለ ጥንቱ ሊቅ ሂሌል ይተረካል። ከደህና ቤት ተወልዶ ለደኸየ ሰው የሚጋልበው ፈረስና ፊቱ የሚሮጥ አገልጋይ ገዝቶለት ነበር። አንድ ቀን አገልጋይ ሲያጣ ሂሌል ራሱ በሰውየው ፊት ሮጠለት።

ግን ገጹ በአንድ ድምፅ አይናገርም። አንድ ድሃ ወደ ረቢ ነሕምያ መጣ። «ምን ትበላለህ?» ቢለው «የሰባ ሥጋ፣ ያረጀ ወይን» አለ። «ከኔ ጋር ምስር መብላት ትችላለህ?» ሰውየው እሺ አለና ምስር በላ። ሞተ። ታልሙድ መጀመሪያ «ነሕምያ ለገደለው ሰው ወዮለት» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ «እሱስ ራሱን ይህን ያህል ማቀማጠል አልነበረበትም» ብሎ ይቋጫል። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ከማር ኡክቫ ጋር ነኝ። ይሁን እንጂ ምስር የሚቀርብበት ቤት ያደግን ሰዎች ነሕምያንም ጨክነን መፍረድ ይከብደናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ማር ኡክቫ የሰጠው ከአሥር አንድ ነበር? ታልሙድ አይነግረንም። በኦሪት ያለው አሥራት የእርሻ ምርት አሥራት ነው። አንዱ ለሌዋዊ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ኢየሩሳሌም ተወስዶ ይበላል፤ በሦስተኛውና በስድስተኛው ዓመት ደግሞ በሁለተኛው ፋንታ ለድሃ ይሰጣል። ሰባተኛው ዓመት መሬቱ የሚያርፍበት ነው። ስለ ደመወዝና ስለ ንግድ ትርፍ በግልጽ የተጻፈ ሕግ የለም። ሊቃውንቱ የገንዘቡን አሥራት ያመጡት ከአባቶች ነው፤ አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ ከሰጠውና ያዕቆብ ቤቴል ላይ ከተሳለው። በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይና በጀርመን የነበሩ አይሁድ ከንግድ ትርፍ አሥር እጅ ማውጣትን ልማድ አድርገው ያዙት። ስሙ በዕብራይስጥ ማዓሰር ከሳፊም፣ የገንዘብ አሥራት ነው። ግዴታ ነው ወይስ ልማድ የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ብዙዎቹ ልማድ ነው ይላሉ፤ አጥብቀው ግን ይይዙታል።

ከቤተ ክርስቲያን አሥራት የሚለይበት ዋናው ነጥብ ተቀባዩ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ክራኮቭ ላይ የኖሩት ራቢ ሞሼ ኢሰርሌስ ሹልሃን አሩክ በሚባለው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ ላይ ባሰፈሩት ማስታወሻ የአሥራት ገንዘብ ለምኩራብ ሻማም እንኳ አይዋል፣ ለድሆች ይሰጥ ይላሉ። ከሳቸው በኋላ ይህን ሕግ ያለዘቡ አሉ። ያለ አሥራቱ ገንዘብ ልትፈጽመው ለማትችል በጎ ሥራ ይፈቀዳል የሚሉ። መነሻው ግን ድሃው ነው። ለምጽዋት ጸዳቃ የሚሉት ቃል ራሱ ከኛው ጽድቅ ጋር አንድ ሥር ያለው ነው፤ ፍርድም አለበት። ድሃው የሚቀበለው የሚገባውን ነው።

ጣሪያው ደግሞ ከአምስት እጅ አንድ ነው። በ2ኛው መቶ ዘመን አይሁድ በሮም ላይ ያነሡት የባር ኮክባ ዐመፅ ከከሸፈ በኋላ ሊቃውንቱ ገሊላ ውስጥ ኡሻ በምትባል ከተማ ተሰበሰቡ። እዚያ ከወጡት ሥርዓቶች አንዱ፦ የሚበትን ሰው ከአምስት እጅ አንድ በላይ አይበትን። ማስረጃው ያዕቆብ ነው። በዕብራይስጡ «ዓሴር አዓስሬኑ» ይላል፤ እኛ «መስጠቱንስ እሰጣለሁ» እንደምንለው ድርብ ነው። ሁለት ጊዜ አሥር እጅ ሲባል ሃያ ከመቶ ይሆናል። አንድ ሰው ከዚህ በላይ ሊሰጥ ፈልጎ ባልንጀራው ከለከለው ይላል ታልሙድ። ረቢ የሼባብ ሊበትን ሲል የከለከለው ረቢ ዓቂባ ነው የሚሉ አሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁሉን ሰጥቶ ነገ እሱም የሰው እጅ ይጠብቃል፤ ለማኝ ቁጥር ላይ አንድ ጨመረ ማለት ነው።

ራምባም እነዚህን ቁጥሮች እንዲህ አስተካክሏቸዋል። ሃያ ከመቶ የሚሰጥ የተዋጣለት፤ አሥር ከመቶ መካከለኛ፤ ከዚያ በታች «ክፉ ዓይን»፣ በኛ አነጋገር ቆንቋና። በዓመት ከሲሶ ሰቅል በታች ግን ማንም አይሰጥም። በምጽዋት የሚኖር ድሃ እንኳ ካገኘው ላይ ይሰጣል። ይህኛው ነጥብ ሁሌም ይገርመኛል። ተቀባዩ ሰጪ የመሆን መብቱን አልተነፈገም።

እንግዲህ ማር ኡክቫ ግማሹን ሲሰጥ የኡሻን ሥርዓት ጣሰ? ታልሙድ ራሱ ወዲያው ይጠይቃል። መልሱ የዳኛ መልስ ነው፦ ያ በሕይወት ላለ ሰው ነው፤ እንዳይደኸይ ተብሎ። ከሞት በኋላ ግን አያሳስብም። ኢሰርሌስም ይህንኑ ሕግ አድርገው ጻፉት። ሰው በሞቱ ሰዓት የፈለገውን ያህል መስጠት ይችላል።

ሰባት ሺሁ ለምን አነሰበት ለሚለው ግን ታልሙድ መልስ አይሰጥም። እኔ የሚመስለኝ ማር ኡክቫ ሌላ ቦታ የተናገረው ነገር ፍንጭ ይሆናል። ሥጋና አይብን በማራራቅ ጉዳይ ላይ ራሱን ከአባቱ ጋር ሲያነጻጽር «እኔ የወይን ልጅ ሆምጣጤ ነኝ» ይላል። አባቱ ዛሬ ሥጋ ከበላ እስከ ነገ አይብ አይነካም ነበር። እሱ ግን በዚህ ማዕድ አይበላም እንጂ በሚቀጥለው ይበላል። እንዲህ ያለ ሰው መዝገብ ሲገለጥለት የሞላውን መስመር አያይም።

መዝገቡ ራሱ ግን ቀልድ አይደለም። ዛሬም አሥራት የሚያወጣ አይሁዳዊ ደብተር ይይዛል፤ ኮምፒዩተር ላይ የሚመዘግብ፣ ለብቻው የባንክ ሒሳብ የከፈተም አለ። ሖፌጽ ሐይም በመባል የሚታወቁት የራዲኑ ራቢ እስራኤል ሜየር ካጋን ገቢና ወጪው ተጽፎ በየጊዜው ሒሳቡ እንዲዘጋ መክረዋል። ካልተጻፈ ሰው ራሱን ያታልላል። ጀማሪውን ደግሞ የሚያስጠነቅቁት ነገር አለ። «ስእለት ሳይሆንብኝ» ብለህ ጀምር፤ አለበለዚያ ልማዱ እንደ ስእለት ይቆጠርብሃል።

ዝርዝሩ ላይ ነጋዴና ተቀጣሪ እኩል ይጨነቃሉ። ነጋዴው ዕቃ የገዛበትን፣ የሱቁን ኪራይ፣ ኪሳራውን ይቀንሳል። የቤት አስቤዛ ግን አይቀነስም። ተቀጣሪው ከደመወዙ ላይ በቀጥታ የሚቆረጠውን ግብር እንደ ገቢ አይቆጥረውም፤ የ20ኛው መቶ ዘመኑ አሜሪካዊ ሊቅ ራቢ ሞሼ ፋይንስታይን በዚህ መንገድ ጽፈዋል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ በገቢ ግብር ሕጉ አንቀጽ 46 መሠረት እውቅና ላለው ድርጅት የሰጠ ሰው ከሰጠው 35 ከመቶው በግብር ይታሰብለታል። ደረሰኝ ካለው ነው። ጎረቤቱ በር ጉድጓድ ውስጥ ለሚጥል ሰው ደረሰኝ የሚቆርጥለት የለም፤ ማር ኡክቫ ዛሬ ቢኖር ከ35 ከመቶው ምንም አይደርሰውም ነበር።

እኛን የሚነካው ክፍል እዚህ ጋ ይመጣል። የቤተ እስራኤል ገበሬዎች ኢትዮጵያ ሳሉ ከምርታቸው ለቄሶቻቸው ይሰጡ ነበር። የታልሙዱን የገንዘብ አሥራት ያገኙት እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው። ዛሬ ከደመወዙ ጎንደርና አዲስ አበባ ጉዞ ለሚጠብቁ ዘመዶቹ የሚልክ ሰው «ይህ ከአሥራቴ ይታሰባል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕጉ ያግዘዋል። የቤትህ ድሃ ከከተማህ ድሃ ይቀድማል፤ የከተማህ ድሃ ከሌላ ከተማ ድሃ። ችግረኛ እህትና አጎት ከማንም በፊት ናቸው። ወላጅ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል። ልጁ አቅም እያለው አባቱን ከድሆች አሥራት የሚመግብ ከሆነ ታልሙድ «እርግማን ይምጣበት» ይላል። ለእናት የሚላከው ከራስ ኪስ ነው፤ ከድሃ መዝገብ አይወጣም። አቅም ከሌለው ብቻ ይፈቀዳል።

ወደዚያ አልጋ ስመለስ አንድ ነገር አይዋጥልኝም። ሰባት ሺሁ የተቆጠረው በዲናር ነው። በበሩ ጉድጓድ የወደቁት አራት አራት ዙዞች፣ በዮም ኪፑር ዋዜማ የተላኩት 400ዎች፣ ኋላም 800ው፣ ሁሉም እዚያ ሊጻፉ ይችላሉ። ሚስቱ በደጇ ያቀበለችው ዳቦ ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም። ያን ምሽት እቶኑ ውስጥ የቆመው በሷ እግር ላይ ነበር፤ ይህም አልተመዘገበም። ልትሞት ስትል ሒሳቧን ማን እንዳመጣላት፣ ምንስ እንዳለች የሚነግረን የለም።

ታዓኒት በሚባለው ሌላ ክፍል ግን የሷን መልስ እንደገና እናገኘዋለን፤ ከሌላ ሰው አፍ። ዝናብ ጠፍቶ አባ ሒልቂያ ከሚስቱ ጋር ሰገነት ላይ ወጣ። እሱ በአንዱ ማዕዘን፣ እሷ በሌላው ቆመው ጸለዩ። ደመናው መጀመሪያ የመጣው በሷ በኩል ነበር። ለምን ሲሉት፣ «እሷ ቤት ናት» አለ፤ «ለድሃ ዳቦ ትሰጣለች፣ ወዲያው ይጠቀማል። እኔ ገንዘብ ነው የምሰጠው።»